እዚህ ያሉና ባሕር ላይ ያሉ

ኖቬምበር 18

የኢሜይል ማሽኑ ዛሬ ከፊጂ፣ ከሱቫ ደረሰ። ሁለት የወደብ ጎረምሶች ለድግስ እንደሚወሰድ አሳማ በእንጨት አንጠልጥለው አስገቡት፤ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አለቃዬ ቶካኒካይ የአበባ ጉንጉን ሊያደርግለት ምንም አልቀረው። ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የቤቲዮ መርከበኞች ማኅበር የራሱ ፖስታ ቤት አለው፤ ኃላፊዋም አኪኔቲ ናት" አለ። አጨበጨቡልኝ።

እስከ ዛሬ የማኅበሩ ኢሜይል በሙሉ የሚቀመጠው ሱቫ ውስጥ በሰው ማሽን ላይ ነበር። አጠገቤ ለተቀመጠችው ጸሐፊ "ሻይ ጠጣሽ?" ብዬ ብጽፍላት ቃሌ በሳተላይት ፊጂ ደርሶ ነው የሚመለሰው። ከእንግዲህ እዚህ ያለነው የምንጻጻፈው እዚሁ ይቀራል። ባሕር ላይ ያሉት ወንዶች የመልእክት ሳጥን ግን ሱቫ ይቆያል፤ መርከቦቹ መስመር ባገኙ ቁጥር ከዚያ ይወስዳሉ። የሁላችንም አድራሻ የሚያልቀው በአንድ ስም ነው፣ በማኅበሩ ስም። ግማሻችን እዚህ፣ ግማሻችን እዚያ።

"ከባድ ነው?" አለኝ አለቃዬ።

"ቀላል ነው" አልኩት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እንጃ።

የመጀመሪያውን መልእክት ለባሌ ለባውሮ ላክሁ። ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ "ሚስቴ ፖስታ ቤት ሆነች" ይላል። ከጻፈልኝ ቆየት ብሏል። መርከባቸው ረጅም ጉዞ ላይ ነው።

ኖቬምበር 21

ቀላል አይደለም።

አድራሻው በማኅበሩ ስም የሚያልቅ ሰው ሁሉ እዚሁ ቤት የሚኖር ይመስለዋል ይሄ ማሽን። ለመርከበኛ የተላከውን ተቀብሎ ከሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ይፈልገዋል፤ ሲያጣው "እንዲህ የሚባል ሰው የለም" ብሎ ይመልሳል። ወደ ሱቫ ማሳለፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

የመርከበኞቹ ሚስቶችና ወላጆች የሚጽፉት እኛ በረንዳ ላይ ባሉት ኮምፒውተሮች ነው። ዛሬ ቶአያ፣ ያቺ ነፍሰ ጡሯ ልጅ፣ በመስኮቴ ብቅ አለች።

"አኪኔቲ! ባሌን የለም ይለኛል!"

"እዚህ የለም ማለቱ ነው።"

"እዚህ አለመኖሩንማ መች አጣሁት!"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አለቃዬ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። "ይሄ 'የለም የለም' የሚለው ነገር ይቁም! ሰው አስደነገጠ እኮ" አለኝ። አቆምኩት። ማሽኑ የማያውቀው ሰው መልእክት ሲመጣ ሳይመልስና ሳይናገር ወደ አንድ የጎን ሳጥን እንዲያስገባው አዘዝኩት። ለጊዜው ነው። ከዚያ እያወጣሁ በእጄ ወደ ሱቫ እልካለሁ።

ለባውሮ ብቻ የራሱን መስመር ጻፍኩለት፤ የእሱ በቀጥታ ወደ ሱቫ ይለፍ። ለሙከራ ነው። ለሙከራ መቼም አንድ ሰው ያስፈልጋል። ከሌሎቹ አንዷን መርጬ ብሠራላት "እሷን ለምን አስቀደምሽ?" ይሉኝ ነበር።

የዚህን ቅንብር፣ የማሽኑን ትእዛዞች በሙሉ፣ ቅጂ አስቀመጥኩ። ነገር ቢበላሽ የምመለስበት ይኑረኝ።

ኖቬምበር 25

ከባውሮ ምንም የለም። መስመሩ ላይ የሳትኩት ነጥብ ይኖራል። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ልክ ነው። ልክ ከሆነ ለምን አይመልስም?

ኖቬምበር 29

ዛሬ ደህና ቀን ነው፤ ልጽፈው። የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ይዤ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጥኩ፤ ምሳም አልበላሁ። በመጨረሻ ገባኝ። ለማሽኑ "እዚህ የምታውቀው ሰው ከሆነ እዚሁ አስቀምጥ፤ የማታውቀው ከሆነ ዝም ብለህ ወደ ሱቫ አሳልፍ" ብዬ መንገር ብቻ ነበር። አንድ ሕግ ለሁሉም። የባውሮን የተለየ መስመር ሰረዝኩት፤ እሱም እንደ ሰው በዚሁ ሕግ ይለፍ። ከጎን ሳጥኑ የተጠራቀመውን ሁሉ አውጥቼ ላክሁ።

ከዚያ ለባውሮ ጻፍኩለት፦ "ይህ ከደረሰህ ሌላው ቢቀር አንዲት ቃል መልስልኝ። ሥራዬ የተንጠለጠለው ባንተ ላይ ነው።" የቀለድኩ መስሎኝ ነበር። መልሼ ሳነበው ቀልድ አይመስልም።

ዲሴምበር 4

ምንም።

ሱቫ ላለው ባለሙያ ለኢሊኤሳ ደወልኩ። ማሽኑን የሸጡልን ሰዎች ጋ የሚሠራ ነው፤ ሲያወራ ያለማቋረጥ የሚበላ ይመስላል።

"ሕጉ ልክ ነው እህቴ። እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምጽፈው" አለኝ።

"ታዲያ ለምን መልስ አይመጣም?"

"የማንን መልስ ነው የምትጠብቂው?"

"የአንድ ተጠቃሚ።"

"ይሄ ሰውዬ ሰነፍ ቢሆንስ? በሌላ ሰው ሞክሪዋ!"

"ሰነፍ አይደለም" አልኩት። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት ጸሐፊዋ ዞር ብላ ስታየኝ ነው።

መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ለመደወል አለቃዬን ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ ተውኩት። ሕጉን አውጥቼ፣ ኖቬምበር 21 ያስቀመጥኩትን ቅንብር መለስኩ። ነገ በሌላ መንገድ እጀምራለሁ። አምስት ቀን ሙሉ በማይሠራ ነገር ሰውን ማታለል ተገቢ አይደለም።

ዲሴምበር 9

ቶአያ ከባሏ መልስ አገኘሁ ብላ በረንዳውን አናወጠችው። ልጁ ወንድ ከሆነ በአባቱ ስም፣ ሴት ከሆነች በእናቱ ስም ትጠራ ብሏል። "ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት ነው የደረሰው! አኪኔቲ፣ ተባረኪ!" አለችኝ።

በአጋጣሚ ያለፈ ይሆናል። ወይ ከጎን ሳጥኑ በእጄ ከላክኋቸው አንዱ ነው። አንድ መልእክት ማለፉ ምንም አያረጋግጥም።

ዲሴምበር 12

አዲሱ መንገዴ ጉድ ሠራኝ። ማሽኔ ወደ ሱቫ ይልካል፣ ሱቫ ደግሞ "ይህ የእናንተ ነው" ብሎ ይመልሳል፣ ማሽኔ እንደገና ይልካል። አንዲቱን መልእክት እንደ ኳስ ሲቀባበሏት ሳተላይቱ ታንቆ ዋለ። በዚሁ ሳተላይት የሚጠቀሙት የአየር ማረፊያው ሰዎች ሳይቀሩ ደወሉ። አለቃዬ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "አንቺን ሱቫ ልከን ያስተማርንሽ ለዚህ ነው?" ብሎ ብቻ ሄደ።

ያስቀመጥኩትን ቅንብር እንደገና መለስኩ።

ከመርከቦቹ የሚመጣው እንኳ ይገባል፤ ያ መንገድ ጤነኛ ነው። ዛሬ ከባሕር የመጡትን አተምኩላቸው። ሁሉም የሚጽፉት አንድ ነገር ነው፦ "ለምን ዝም አላችሁኝ? ምን አስቀየምኳችሁ? ሰው ሞቶ ነው?" የሽማግሌው የኢዮቴባ ልጅ ቴይቲያ፣ ከባውሮ ጋር በአንድ መርከብ ያለው፣ "እናቴ እንዴት ናት? የሚጽፍልኝ ሰው አጣሁ" ይላል።

ባውሮ እሱም ዝም ያልኩት መስሎት ተቀይሞ ይሆናል። ኩሩ ነው። እንደነሱ "ለምን?" ብሎ አይለምንም።

ዲሴምበር 15

መብራት የለም። ሥራም የለም። ቤት ዋልኩ።

አማቴ ኔይ ቴሬንጋ የዓሣውን ጭንቅላት ለእኔ አወጡልኝ። የዓሣ ጭንቅላት ከልጃቸው በቀር ለማንም አይሰጡም ነበር። ምንጣፌንም ነፋስ ወዳለበት በኩል አነጠፉልኝ። ልብስ ሳጥብ ከእህታቸው ጋር ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማሁ።

"እና ማን ይንገራት?" አሉ እህታቸው።

"እኔ አልችልም። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ ምን ብዬ?"

የታጠበውን ይዤ ብቅ ስል ጎደሬ መሳዩ ባባይ ስለሚተከልበት ጉድጓድ ማውራት ጀመሩ፤ የባሕር ውኃ ገብቶበት ሥሩ በሰበሰ እያሉ። ስለ ጎረቤታችን ሴት ልጅ ሳያወሩ አይቀሩም። ስለ እሷ ሰሞኑን ብዙ ይወራል።

ማምሻውን ኔይ ቴሬንጋ፣ "ልጄ፣ ለገና እናትሽ ጋ አባያንግ ደሴት ብትሄጂ ምን ይመስልሻል? ከፈለግሽም ትንሽ ብትቆዪ" አሉኝ። ሥራ አለብኝ አልኳቸው። ማሽኑን ጥዬ የት እሄዳለሁ።

ዲሴምበር 19

ሽማግሌው ኢዮቴባ በዚያ ዝናብ እየተንገዳገዱ መጡ። ባለቤታቸው ታራኢያ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ደም እየተፋች ነው አሉኝ። ዓይናቸው ስለማያይ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

"ልጄ ቴይቲያ፣ እናትህ ታማለች በዪው። አይ፣ እሱን ተይው፣ ይደነግጣል። እናትህ ስምህን እየጠራች ነው በዪው።"

"እንደታመሙ ካልነገርነው እንዴት ይገባዋል አባቴ?"

"እሺ ጻፊው። ጻፊና ደግሞ 'ደህና ትሆናለች' በዪበት።"

ጻፍኩ። ላክሁ። ማሽኑ "ተረክቧል" አለ። ምንጊዜም "ተረክቧል" ነው የሚለው። ማን እንደተረከበው አይናገርም።

"መቼ ይደርሰዋል?" አሉኝ።

"መርከቡ መስመር ሲያገኝ።"

ያልኩት ውሸት አይደለም። እውነት መሆኑንም አላውቅም።

ዲሴምበር 23

ታራኢያ አረፉ። ጎሕ ሲቀድ።

አለቃዬ ሃምቡርግ ለሚገኘው ወኪላችን ራሱ ጻፈ፤ ለመርከቡ ካፒቴን እንዲያስታውቅ። የወኪላችን አድራሻም በማኅበሩ ስም ነው የሚያልቀው። ይህን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ደግሞ "ላክሁ፣ ተገላገልን፣ ቢያንስ ይህቺ ሄዳለች" አለና ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ለቅሶው ቸኮለ። አፌን ዘጋሁት። ምናልባት ያልፋል። የቶአያስ አልፎ የለ?

ዲሴምበር 26

ቀበርናቸው። በማኔያባው፣ በመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ በኩል የገና ድግስ፣ በሌላ በኩል ለቅሶ። ምዕራባዊው ነፋስ ማዕበሉን የባሕር መከላከያ ግንቡን አሳልፎ እስከ መቃብሩ አፍ አመጣው። ወንዶቹ ውኃውን በባልዲ እየቀዱ ነው የቀበሯቸው።

ኢዮቴባ እጄን ይዘው፣ "ቴይቲያ ሰምቷል አይደል? እስካሁን ሰምቷል" አሉኝ። አልጠየቁኝም፤ ነገሩኝ ማለት ይቀላል። ራሴን ነቀነቅሁ። ዓይናቸው አያይም፤ ግን እጄን ስለያዙ መነቅነቄ ተሰምቷቸው ይሆናል።

ዲሴምበር 31

ከመርከቡ መልእክት መጣ። ከቴይቲያ ለእናቱ።

ሽማግሌው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከቀብሩ ጀምሮ በየቀኑ እየመጡ ይቀመጣሉ። ልጃቸው ስለ እናቱ ምን እንዳለ ለመስማት ነው የሚመጡት። ወረቀቱን ደብቄ ላሳልፋቸው አስቤ ነበር። ጸሐፊዋ ግን "አባባ፣ ከልጅዎ መጥቶልዎታል!" ብላ ጮኸች። ምን ላድርግ?

"አንብቢልኝ።"

"ለእናቴ መልካም አዲስ ዓመት" ይላል። "እናቴ፣ ሮተርዳም ላይ ጉልበትሽን የምትጠቀልዪበት የበግ ፀጉር ገዛሁልሽ። ጓደኞቼ በዚያ ሙቀት አገር ምን ሊያደርግላት ነው ብለው ሳቁብኝ። ገናን ጨፍረን ነው ያሳለፍነው። እኔ እንዴት እንደምጨፍር ታውቂያለሽ፤ ወንበር ሰበርኩ። ማንም ባይጽፍልኝም አንቺ እንደምትጸልዪልኝ አውቃለሁ።"

ሁሉንም አነበብኩት። አንዱንም ቃል መዝለል አልቻልኩም።

ሽማግሌው ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ዳበሱት። ቀጥለው "አልሰማም" አሉ። "ወንበር ሰበረ" አሉ ደግሞ። ሳቅ ይመስላል ድምፃቸው፣ ሳቅ ግን አይደለም። ቶአያ ከዚያች ትልቅ ሆዷ ጋር ተነሥታ ደግፋ ወሰደቻቸው። ስታልፍ አላየችኝም። ማየት አልፈለገችም ልበል?

ጃንዋሪ 3

ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ሥልጠናው አጭር ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እንቅልፍ የለኝም። ለባውሮ ሌላ ጻፍኩ፤ ስለ ታራኢያ ሞት ነገርኩት፣ ለቴይቲያ እንዲነግረው። የእሱ መስመር ከሌሎቹ ይሻላል ብዬ ነው። ግን እሱም አይደርሰውም መሰለኝ። የሚደርስ ነገር የለም።

ጃንዋሪ 6

ኢሊኤሳ ራሱ ደወለ። አለቃዬ ወቅሶት ይመስለኛል። ዛሬ አይበላም ነበር።

"ማሽኑ የማያውቀውን ሰው መልእክት የት ነው የሚያደርገው?"

"ወደ ሱቫ ነው እንጂ።"

"የማን ትእዛዝ ነው? አንብቢልኝ።"

ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ያስቀመጥኩትን ቅንብር በመለስኩ ቁጥር ያ የጎን ሳጥንም አብሮ ይመለስ ነበር። ያ "ለጊዜው" ያልኩት። ረስቼዋለሁ። ፈጽሞ ረስቼዋለሁ።

ከፈትኩት። ሁሉም እዚያ ናቸው። ከዲሴምበር መጀመሪያ ወዲህ በረንዳው ላይ የተጻፈ ሁሉ ከወንበሬ ክንድ በማይርቅ ብረት ውስጥ ተኝቷል። የቶአያ፦ "ሆዴን ሲረግጠኝ ያንተ ነገር ትዝ አለኝ።" የኢዮቴባ፦ "እናትህ ስምህን እየጠራች ነው።" አለቃዬ ለሃምቡርግ የጻፈው የሞት መርዶም አለ። ከሕንፃው አንዱም አልወጣም።

የእኔን ፈለግሁ። ለባውሮ የጻፍኳቸው በጣም ብዙ ናቸው። አንድም የለም። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየሁ፣ የለም። የእኔን ሌላ ቦታ ጥሎት መሆን አለበት።

"ምን ይሻላል?" አልኩት ኢሊኤሳን።

"ያ በዲሴምበር መጀመሪያ ያነበብሽልኝ ሕግ ነበረ አይደል? እሱን መልሺው። ከዚያ እጅሽን አንሺ።"

መለስኩት። የተኛውን ሁሉ አንድ በአንድ ላክሁ። መርዶውን ከሁሉም መጨረሻ ላክሁት።

ጃንዋሪ 12

ይሠራል። ከባሕሩ መልስ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በረንዳው ላይ ሴቶቹ እየተቃቀፉ ነው፤ አንዷ ስታነብ ሌላዋ ትሰማለች፣ ያልሆነ ነገር ሲመጣ "እሱን ዝለዪው!" እያሉ ይንጫጫሉ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከቴይቲያ አንድ መስመር፦ "አባቴ፣ እየመጣሁ ነው።"

ከባውሮ የለም። ሕጉ ውስጥ አሁንም ቀዳዳ ያለ ይመስለኛል። ኢሊኤሳን "ትንሽ ላስተካክለው?" ብዬ ጠየቅሁት። "እህቴ፣ በእናትሽ፣ አትንኪው" አለኝ። አልነካሁትም። ልነካው ግን ሁለት ጊዜ ቁጭ ብዬ ነበር።

ጃንዋሪ 26

ቴይቲያ በትናንቱ አውሮፕላን ገባ። ዛሬ ጠዋት ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መስኮቴ ጋ መጣ። ለመጮህ እንደመጣ ከአቋቋሙ ያስታውቃል። እንዲጮህብኝ ፈልጌም ነበር።

"እናቴ ሞታ እኔ እየጨፈርኩ ነበር" አለኝ። "ታውቂያለሽ ይህን? ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር የምጨፍረው።"

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያነበብኩት።"

"ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ሳጥን ውስጥ!"

"ማሽኑ ነው ቴይቲያ። እኔም ነኝ። ለሁላችንም ነው የተበላሸው። ለእኔም አንድ ቀን አልሠራልኝም።"

"ላንቺ?" አለ።

"ባውሮም እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልደረሰውም።"

ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። ምነው ባልወረደ። ዙሪያውን ቃኘ፤ ሴቶቹ ከበረንዳው ወዲያ ጫፍ ናቸው። ጎንበስ አለ።

"አኪኔቲ... ለእሱ እኮ ይደርሰው ነበር።"

"መቼ?"

"ሁልጊዜ። የመርከቡ ኮምፒውተር አንድ ነው፤ ተሰልፈን ነው የምናየው። የእኔ ባዶ ነው፣ የሁሉም ባዶ ነው፣ የእሱ ብቻ በየጊዜው አለ። ቀንተንበት ነበር። ገና ሊደርስ ሲል፣ 'እስቲ ሚስትህን ቤታችን ሄዳ እናቴን ትይልኝ በላት' አልኩት። 'እሺ' አለኝ።"

"አልጻፈልኝም።"

"አሁን ገባኝ" አለ።

"ያነባቸዋል?"

ቴይቲያ መስኮቱን በጣቱ ይፍቅ ጀመር። "መጀመሪያ ላይ ያነባቸው ነበር" አለኝ።

"ኋላስ?"

"ብራዚል፣ ሳንቶስ ላይ ወረደ። እዚያ... ይህን መንገር ያለበት እናቱ ናቸው። እሳቸው ያውቃሉ።" ከዚያ ደግሞ፣ "ስለ እናቴ ሞት ጽፈሽለት ከሆነ ግን አልደረሰው ይሆናል። ያኔ አብሮን አልነበረም" አለ። ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነው። በእናቱ ሐዘን መጥቶ እኔን ሊያጽናና!

ሊጮህብኝ የመጣው ሰው "አይዞሽ" ብሎኝ ሄደ።

ከሰዓት

ኖቬምበር 29 ያስገባሁት ሕግ ልክ ነበር። እንደ ዛሬው፣ ቃል በቃል። በአምስተኛው ቀን ያወጣሁት ባሌ ስላልመለሰልኝ ነው። ያስቀመጥኩትን ቅንብር በመለስኩ ቁጥር ከጎን ሳጥኑ ጋር የባውሮ የራሱ መስመርም ይመለስ ነበር፤ የእሱ ብቻ ያልፍ የነበረው ለዚያ ነው። ባልነካው ኖሮ ኢዮቴባ "ስምህን እየጠራች ነው" ያሉት ከገና በፊት መርከቡ ላይ ነበር። ታራኢያን በሕይወት ባያገኛቸውም፣ ገናን አይጨፍርም ነበር።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ይህን ሁሉ ነገርኩት። የባሌን ጭምር። ቆጣ እንዲል፣ እንዲያባርረኝ፣ አንድ ነገር እንዲያደርግ። ወረቀቱን እያገላበጠ ሰማኝ።

"አሁን ይሠራል አይደል?" አለኝ።

"ይሠራል።"

"እንግዲያው ዋናው እሱ ነው። ቤትሽ ግቢና ዕረፊ።"

ቤቴ የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም።

ጃንዋሪ 27

ኔይ ቴሬንጋ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ባውሮ ሳንቶስ ላይ ሌላ ሴት እንዳለችው ከሴፕቴምበር ጀምሮ ያውቃሉ። ሴትዮዋ ልጅም አላት አሉ፤ የእሱ ይሁን አይሁን አያውቁም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ የማባብላቸው እኔ ሆንኩ። "አትሂጂብኝ" ይሉኛል፤ ቆይተው ደግሞ "እናትሽ ጋ ሂጂ" ይሉኛል። የአባያንግ ጀልባ በነፋሱ ምክንያት አይነሣም። ስለዚህ ወደ ሥራ መጣሁ።

ጠዋት ቶአያ መጣች። ልጇን ትናንት ወልዳ፣ ዛሬ ተነሥታ! አክስቷ ከኋላ እየተከተሉ ይቆጧታል። ሕፃኗ በጨርቅ ተጠቅልላ ደረቷ ላይ ተኝታለች። ሴት ናት።

"ሳይዘገይ ይስማ ብዬ ነው" አለችኝ። "አንቺ ጻፊልኝ፣ እጄ አይቦዝንም።"

ተናገረች፣ ጻፍኩ። ክብደቷን፣ ፀጉሯን፣ አፍንጫዋ የማን እንደሆነ። ሦስት ጊዜ አስለወጠችኝ። አክስቷ "ለሕፃኗ ጨርቅ ይልክ እንደሆነ ጠይቂው" አሉ፤ ስለ ጨርቁም ጠየቅነው። ጨረስንና ቁልፉን ተጫንኩ።

ስክሪኑ ላይ ያለውን አታነብም፤ የምታየው ፊቴን ነው።

"ሄደ?" አለችኝ።

"ሄደ" አልኳት።